ደጅ የወጣ ጸሎት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? «ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብኝም» ተብሎ ነበር የሚጻፈው፤ እኔ ግን በዚህ ወር አንድ ጥርስም ጎድሎብኛል። ከዚያ ውጪ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈው። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። የጠየቅሽኝን ነገር አሳምሬ ልዋሽሽ ብዬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ቀደድኩት። አናጢ የተጣመመ እንጨት ደብቆ መግጠም ይችልበታል፤ የተጣመመ ወሬ ግን አልሆነልኝም።

አክስትሽ የነገረችሽ እውነት ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆምኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። እናትሽ ከተቀበረች በኋላ ሦስት እሑድ ሄጃለሁ። በሦስተኛው እሑድ የተቀመጥኩበትን ወንበር ጎንበስ ብዬ አየሁት። አርባዎቹንም ወንበሮች የሠራሁት እኔው ነኝ፤ አንቺ ገና አንደኛ ክፍል ሳትገቢ። ለዚያ ሥራ ከግድቡ ማዶ ዘጠኝ ዛፎች ቆርጠናል። አንዷን ስንጥላት ጎጆ የነበራቸው ወፎች እስከ ማታ ከላያችን ሲዞሩ መዋላቸው ድንገት ትዝ አለኝ። ያኔ እንኳን ላዝን ቀና ብዬም አላየሁ፤ ሐሳቤ ሁሉ ግንዱ ሲወድቅ እንዳይሰነጠቅብኝ ነበር። ቄሱ ስለ ሰማይ እየሰበኩ፣ እኔ የወንበሩን ክንድ እየዳበስኩ አለቀስኩ። ሰዉ ለእናትሽ መሰለው። ለእሷም ነበር።

አሁን የከተማው ውሃ ክፍል የግድቡን ዳር ዛፎችና የችግኝ ጣቢያውን እንድጠብቅ ቀጥሮኛል። ጠዋት ችግኞቹን ካጠጣሁ በኋላ ዛፎቹ መሃል ቆሜ እጸልያለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከጸሎቴ በፊት ዛፎቹን ይቅርታ እጠይቅ ነበር፤ ያውም ጮክ ብዬ። የሰማኝ ሰው ቢኖር «ሽማግሌው ለየለት» ይል ነበር።

እንግዲህ ይኸው ነው። አንቺ የነገረ መለኮት መምህርት ነሽ፤ እኔ የማውቀው መጋዝና መላጊያ ነው። ከተሳሳትኩ ንገሪኝ። ብቻ እንደ ልጅ ንገሪኝ እንጂ እንደ ፈተና አራሚ አይሁን።

አባትሽ


ጥቅምት 19

አባዬ፣

ጥርስህን ለሐኪም አሳየኸው ወይስ እንደ ልማድህ በጉጠት ራስህ ነቀልከው? ደግሞ «ደህና ነኝ» ስትለኝ ደንግጬ ነው የማነበው፤ አንተ እጅህን መጋዝ የቆረጠህ ቀንም ደህና ነበርክ።

እውነቱን ስለ ጻፍክልኝ አመሰግንሃለሁ። እንደ ፈተና አራሚ አይሁን ስላልከኝ ቀዩን እስክሪብቶ ሌላ ክፍል አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ቢሆንም ዝም ልልህ አልችልም።

ለተማሪዎቼ የመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ነገር አለ፦ ሠሪና ሥራው አንድ አይደሉም። ወንበሩ አንተ አይደለህም። ለወንበሩ እጅ ነሥቶ አንተን በመንገድ የሚያልፍህ ሰው ወንበሩንም አላከበረው። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስላማረችው ለፀሐይ ሰገደ። ዛፍ ይቅር ማለት አይችልም፣ አባዬ። የበደልነው ፍጥረትን ቢሆን እንኳ ይቅር የሚለው ፈጣሪ ነው። እሱ ደግሞ ስም አለው፤ ሥጋ ለብሷል፤ ማዕድ ሠርቶ ሰዎችን በዙሪያው ሰብስቧል። አንተ ብቻህን ዛፎች መሃል ስትቆም ማን ያርምሃል? ዛፍ ሰውን አይቃወምም። እኔን የሚያስፈራኝ እንደዚያ ያለ፣ በምንም የማይቃወምህ አምላክ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር መልስልኝ። የምትጸልየው ለማን ነው? ሰው አንተ ጋ እየተሰበሰበ ነው የሚባለውስ እውነት ነው? ሦስተኛው ከዚህ በፊትም የጠየቅሁህና ዘለህ ያለፍከው ነው፦ እናቴ ያረፈች ቀን፣ በስልክ ከተነጋገርን በኋላ ምን ሆነ? አክስቴን ስጠይቃት ስለ ሽንኩርት ዋጋ ታወራኛለች።

ልጅህ


ኅዳር 8

ልጄ፣

በጉጠት አይደለም፤ በክር ነው። የበር እጀታ ላይ አስሬ። ለሐኪሙ የምከፍለውን መነጽር ገዛሁበት፤ ጽሕፈቴ የተሻለው ለዚያ ነው።

የምጸልየው በልጅነትሽ አልጋሽ አጠገብ ተንበርክከን አብረን እንጸልይለት ለነበረው ነው። አድራሻውን አልቀየርኩም፤ የምጽፍበትን ጠረጴዛ ነው የቀየርኩት። ዛፍ አይቃወምም ያልሽው ግን መጋዝ ይዘሽ ስለማታውቂ ነው።

ሰው ይመጣል፤ እውነት ነው። መጀመሪያ የመጣችው ከገበያው ጀርባ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ወንድ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት ዝም ብላ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ። ስትሄድ «እዚህ ማንም አይዞሽ አላለኝም፤ ደስ አለኝ» አለችኝ። በሳምንቱ እህቷን ይዛ መጣች። አሁን አሥራ አንድ ደርሰዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል በዝምታ እንቀመጣለን፤ የፈለገ መዝሙር ያነባል፤ ከዚያ እንበተናለን። እኔ አልሰብክም። ድንጋይ እያስተካከልኩ መቀመጫ አበዛለሁ እንጂ።

ባለፈው ሳምንት የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ሰብሳቢ መጣ፤ ያ እኔ «ውሃ ልክ» የምለው፣ ሰው ሁሉ ቀጥ ማለቱን ሳይለካ የማያድረው።

«ዛፍ ማምለክ ጀመርክ አሉ» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ።

«ዛፍ የማመልክ ብሆን ኖሮ አርባ ዓመት ስቆርጥ አልኖርም ነበር።»

«ሕዝቡን እየበተንክብን ነው።»

«ልብስ ሰፊዋ ወር ሙሉ ቤቷ ተዘግቶ ነበር። ከማን ጋር ሰብስባችኋት ነው እኔ የበተንኳት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተን አውቅሃለሁ። ግን ነገ አንዱ ለግንዱ ሻማ ያበራል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ይሰግድለታል። ያኔ ምን ልትል ነው?»

ይህን ያልኩሽ እሱን ጥፋተኛ አድርጌ እንዳላወራልሽ ነው። እኔም ያን ቀን እፈራዋለሁ።

ሦስተኛውን እንግዲህ ልንገርሽ። ያን ቀን ጠዋት እናትሽ «ደጅ አውጡኝ» አለች። ድምጿ ለራሷም የሚሰማ አይመስልም ነበር። «ሰማይ ልይ።» አንቺ በስልክ «ቄሱ መጥተው እስኪያቆርቧት አታንቀሳቅሷት፤ ብርድም ይመታታል» አልሽ። እኔም ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። የቄሱ መኪና መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባት ዘገዩ። እናትሽ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። በሦስተኛው «ትንሽ ታገሺ እንጂ» አልኳት፤ ቆጣ ብዬ። ግድግዳውን እያየች አለፈች። ቄሱ የደረሱት አክስትሽ ዓይኗን ከገጠመችላት በኋላ ነው።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ የከሰስኩሽ እንዳይመስልሽ ነው። አልከስሽም። አንቺ ሩቅ ነበርሽ፤ እጅ የነበረኝ እኔ ነኝ።

አባትሽ


ጥር 20

አባዬ፣

ሁለት ወር ከምናምን ዝም አልኩህ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ወረቀት አወጣለሁ፤ «አባዬ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ክፍሌን አጸዳለሁ። እንደ ዘንድሮ ክፍሌ ጸድቶ አያውቅም።

ሁለት ነገር መናዘዝ አለብኝ።

የመጀመሪያው፦ ያ ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ በፊት የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ጽፎልኝ ነበር። «መምህርት እንደመሆንሽ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በዱር ስለሚደረግ ጸሎት ምን ትያለሽ?» የሚል ነበር። ስምህን አልጠቀሱም፤ እኔም አልጠቀስኩም። የማያውቅ ግን የለም። አራት ገጽ ጻፍኩላቸው። እንዲህ ያለውን ስብስብ የሚመራ ሰው እስኪመለስ ድረስ ከቁርባን ይታገድ አልኩ። ጽፌ ስጨርስ አባቴም ቢሆን ለእውነት ስል አልራራሁም ብዬ ኮራሁ። እንዲመልሱልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ «ተመዝግቧል» ብለውኛል። እስካሁን ካላነበቡት ያነቡታል። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ስማው።

ሁለተኛው ይብሳል። እናቴ ከመሞቷ በፊት ጽፋልኝ ነበር። «ከአልጋ መነሣት ካቃተኝ ወዲህ በመስኮት የማያት አንዲት ቅርንጫፍ አለች። እሷን ሳይ ጸሎቱ ራሱ ይመጣልኛል፤ መጽሐፍ ስይዝ ግን ይጠፋኛል። ኃጢአት ይሆን?» ነበር ያለችው። እኔ ምን መለስኩላት? በፈጣሪና በፍጥረት መካከል ስላለው ልዩነት ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። ከታች በኩል ማብራሪያ ሳይቀር። «አይደለም እማዬ፣ ጸልዪ» ማለት አንድ መስመር አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ አልጻፈችልኝም። በስልክም አላነሣችውም።

ደጅ ስትል የፈለገችው ያችን ቅርንጫፍ ነበር እንዴ? እኔ ነኝ የከለከልኳት፤ መጀመሪያ በወረቀት፣ ኋላ በስልክ።

ከእንግዲህ ልትጽፍልኝ ባትፈልግ ይገባኛል።

ልጅህ


የካቲት 6

ልጄ፣

«ልትጽፍልኝ ባትፈልግ» ትይኛለሽ! ታዲያ ለማን ልጻፍ፣ ለውሃ ክፍሉ?

ጽሑፍሽ ጉባኤው ፊት ተነቧል። እኔም ተጠርቼ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ሰማሁት። አንባቢው አንድ ለስላሳ ቃል ባገኘ ቁጥር ቶሎ ያልፋት ነበር፤ እኔ ግን እየለቀምኩ ያዝኳቸው። ሲጨርስ ምን እንደተሰማኝ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፦ ኮራሁ። «ይህን የጻፈችው የእኔ ልጅ ናት» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የተከሳሽነቴ ነገር ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት።

ካላስቸገርኩሽ እንደ አናጢ ልፍረድ። ጽሑፍሽ ጥሩ ቤት ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ መጋጠሚያው ምስማር የማይፈልግ። በር ግን የለውም። ውስጥ ያለው ሰው ይሞቀዋል፤ ውጪ ያለው በየት ይግባ?

እስክመለስ ድረስ እንዳልቆርብ ታግጃለሁ። አሥራ አንዱንም «እናንተ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ፤ በእኔ ሰበብ አትቅሩ» አልኳቸው። ልብስ ሰፊዋ «እኔን እዚህ ድንጋይ ላይ ማን አስቀመጠኝና ማን ያስነሣኛል?» ብላኝ አረፈች። ግማሾቹ ግን መምጣት ትተዋል፤ አልፈርድባቸውም።

ቁርባኑ ከብዶኛል። ይህን አልደብቅሽም። እናትሽ ከሞተች በኋላ ራሴ ነበርኩ የቀረሁት፤ ሲከለክሉኝ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ዛፎቹ ብዙ ነገር ይሰጡኛል፤ ያን ግን አይሰጡኝም። በስሜ ጠርተው «ላንተ» አይሉኝም። እዚህ ላይ አንቺ ልክ ነሽ፤ እኔ ተሳስቼ ነበር።

ስለ እናትሽ ደብዳቤ ግን የማታውቂውን ልንገርሽ። መልስሽን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ሁለቱንም ገጽ፣ ማብራሪያውንም ጭምር፤ አንዳንዱን ቃል ሁለታችንም አልገባንም። ስጨርስ ሳቀች። «ይቺ ልጅ ቅርንጫፌን ቆርጣ መዝገብ ቤት አስገባቻት» አለች። ከዚያ «እናትሽ እንዲህ ብላሻለች ብለህ ጻፍላት፦ እኔ እጸልያለሁ፣ አንቺ ደግሞ አስተምሪ» አለችኝ። እስክሪብቶ መያዝ አቅቷት ስለነበር እንጂ ተቀይማሽ አልነበረም። እኔ ነኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት። እንግዲህ አሁን ደርሶሻል።

አባትሽ


የካቲት 17

አባዬ፣

ደብዳቤህን አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩት፤ ጥፋቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሳይጠይቁኝ ሶፍት አቀበሉኝ።

ለጉባኤው ሁለተኛ ጽሑፍ ልኬያለሁ። የመጀመሪያውን ሙሉ በሙሉ አልካድኩትም፤ ብክድ አንተም ትታዘበኛለህ። ሠሪና ሥራው አንድ አይደሉም የሚለው እንዳለ ነው። «ግን» ብዬ ጨመርኩ፦ ሠሪው ከሥራው አልራቀም። እስትንፋሱን ቢሰበስብ አንዲት ቅጠል አትቆምም፤ ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ አባቶች ሁሉ ብለውታል፤ እኔ ነኝ ሳስተምረው በሁለት ደቂቃ የማልፈው። ምድርን እንድናበጃትና እንድንጠብቃት ተሰጥታናለች። እንግዲያው ያለ አግባብ የቆረጠ ሰው ቢጸጸት፣ ጸጸቱን የቆረጠበት ቦታ ቆሞ ቢናገር፣ ስህተቱ የቱ ላይ ነው? እገዳውን የጠየቅሁት ሳላይና ሳልሰማ ነበርና ተሳስቻለሁ፣ ይነሣ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ክፍል ውስጥም አንድ ነገር ሆነ። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ተማሪ አለችኝ። እጇን አወጣችና «መምህርት፣ ቃል ሥጋ ከሆነ ያ ሥጋ ከአፈር ነው፤ ታዲያ ከዚያ በኋላ አፈር እንደ ድሮው ተራ ነገር ነው?» አለችኝ። ሠላሳ ሰው እያየኝ ቆምኩ። «አላውቅም» አልኩ። በአሥራ አራት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ስለሱ አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፤ ደወሉንም የሰማው የለም።

ይህ ወሬ የኮሌጁ አስተዳዳሪ ጆሮ ደርሷል። ሰኞ ቢሮ ተጠርቻለሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ሳውቅ እነግርሃለሁ።

ልጅህ


መጋቢት 12

ልጄ፣

ሰኞ ምን እንዳሉሽ ሳትነግሪኝ ሁለት ሰኞ አለፈ። እሺ፣ አልጠይቅም። እኔ ግን የማወራው አለኝ።

የውሃ ልክን ሚስት ታስታውሻታለሽ፤ መዘምራኑን ትመራ የነበረችው፣ ድምፅሽ ከሣጥን ውስጥ እንደሚወጣ ነው ብላ ያስለቀሰችሽ። ከታመመች ከርማለች። ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ እሱ ችግኝ ጣቢያው ድረስ በእግሩ መጣ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶታል። ውሃ ልክ፣ ሸሚዝ ገልብጦ!

«አልጋ የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ።

«የት ልትወስዳት ነው?»

«የትም። ደጅ። ከትናንት ጀምሮ ደጅ አውጡኝ ትለኛለች።» ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ «እኔም ቄሱ እስኪመጡ እያልኳት ነው» አለ።

ማጠጫውን ጥዬ ተነሣሁ። በመንገድ ልብስ ሰፊዋን ጠራናት፤ እህቷም ተከተለች። አልጋው በበሩ አላልፍ አለ። ሰውየው «ተዉት በቃ፣ አልሆነም» ብሎ ማልቀስ ጀመረ። እኔ በሩን ከነመቃኑ ነቀልኩት። አርጅቻለሁ፤ እጄ ግን አላረጀም። አራት ሆነን አወጣናትና ግቢው መሃል አስቀመጥናት። ደመና ነበር፤ የሚያምር ነገር አልነበረም። ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል፣ የጎረቤት ራዲዮ ይጮሃል። እሷ ግን ዓይኗን ከፍታ ሽቅብ ታይ ነበር። «አቤት ስፋቱ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

ቄሱ ደርሰው በሩ ተነቅሎ፣ አልጋው ደጅ ወጥቶ ሲያዩ ደነገጡ። ባሏን አዩት። «እዚሁ» አላቸው። እዚያው ቆመው ጸለዩ። ነፋስ መጣ፤ ጽዋውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ለእሷ ሰጧት፤ ለባሏ ሰጡት። ከዚያ እኔ ፊት ደርሰው ቆሙ፤ መታገዴን ያውቃሉ። እኔም ወደ ኋላ አልኩ። ውሃ ልክ የሚስቱን እጅ ሳይለቅ፣ ቀና እንኳ ሳይል «ለእሱም ይስጡት» አለ።

ተቀበልኩ። በስሜ ጠሩኝ።

በማግስቱ ጠዋት አረፈች። ያደረችው ቤት ውስጥ ነው፤ ብርድ ነበር። ቢሆንም ሰማዩን አይታዋለች። ለእናትሽ ያላደረግኩትን ለሰው ሚስት አደረግኩ ብዬ ልቤ አላረፈም፤ የእናትሽ የእናትሽ ነው፤ እስክሞት አብሮኝ ይኖራል። ግን ጸጸቱ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ጋር ቆሞ ነበር፣ ያን ቀን ብቻዬን አልተሸከምኩትም።

ጉባኤው ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ እገዳውን አንሥቷል። ሁለተኛው ጽሑፍሽም ተነቧል፤ አሁን በር አለው። ከግድቡ ዳር መሰብሰቡም ተፈቅዷል፤ ሻማ እንዳይበራ፣ ቄሱም በወር አንዴ እንዲመጡ ተብሎ። እሺ ብያለሁ። ሻማው ለዛፎቹም አደጋ ነው።

አባትሽ


መጋቢት 24

አባዬ፣

ደብዳቤህን ቁጭ ብዬ መጨረስ አቃተኝ፤ ግማሹን ኮሪደር ላይ እየተራመድኩ ነው ያነበብኩት።

ሰኞ የተባልኩትን ልንገርህ። የሚቀጥለው ዓመት የከፍተኛ ክፍሎቹን ትምህርት ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። እኔ ጀማሪዎቹን አስተምራለሁ። «ጥቂት ብታርፊ» ነው ያሉኝ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም። ጀማሪዎቹ የሚጀምሩት ግን ከፍጥረት ነው፤ ያኔ እሱን በሁለት ደቂቃ አላልፈውም።

ሐሙስ እመጣለሁ፤ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። እሑድ ጠዋት ከሰዎችህ ጋር እቀመጣለሁ። ከዚያ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። በሁለቱም ቦታ የምቃወመው ነገር አለኝ፤ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ።

ልጅህ